ዘፈኑን ያተመውም ሰው ስሙ ይነሳ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በባህል ገጻችሁ ስለ አሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር፣ ስለ "ዘ ስታር ስፓንግልድ ባነር" ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል። ግጥሙን የጻፈው ፍራንሲስ ስኮት ኪ አለ፣ የባልቲሞር ምሽግ አለ፣ ሌሊቱን ሙሉ የወረደው የመድፍ ውርጅብኝ አለ፣ ባንዲራው አለ። አንድ ሰው ግን የለም። ያንን ግጥም ከዜማው ጋር አጣምሮ በኖታ ወረቀት ያተመውና በሱቁ የሸጠው ሰው ስሙ አንዴም አልተነሳም።

እናንተን ነጥዬ ለመውቀስ አይደለም። ስለ ድሮ ዘፈን ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሱት ገጣሚው፣ የዜማው ደራሲና ዘፋኙ ናቸው። አሳታሚው "ነጋዴ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ይሄ ልክ አይመስለኝም። ድምፅ መቅጃ በሌለበት ዘመን አንድ ዘፈን ከተዘፈነበት አዳራሽ ወጥቶ ሌላ ከተማ የሚደርሰው ወይ በሰው አፍ ነው፣ ወይ በወረቀት ነው። በአፍ የሄደው መንገድ ላይ ይለወጣል፣ ይጠፋል። በወረቀት የሄደው እስከ ዛሬ አለ። እና ያንን ወረቀት ያዘጋጁት ሰዎች እነማን ነበሩ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው እላለሁ።

ለዚህ ከኖታ አሳታሚዎቹ ከካር ቤተሰብ፣ በተለይም ከታላቁ ልጅ ከቤንጃሚን ካር የተሻለ ምስክር አላውቅም። ቦታ ካላችሁ ታሪኩን ልንገራችሁ። ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው።

ቤንጃሚን ካር በ1768 ለንደን ተወለደ። ቤተሰቡ እንጀራው ሙዚቃ ነበር። አባቱ ጆሴፍ ካር የሙዚቃ ሱቅ ነበረው፣ አጎቱ ደግሞ የሙዚቃ መሣሪያ ይሠራና ይጠግን ነበር። ልጁ ኦርጋን ተማረ፣ ድርሰት ተማረ፣ ድምፁም ጥሩ ነበር። ካስተማሩት አንዱ በጊዜው በለንደን ቲያትሮች ስሙ የገነነው ሳሙኤል አርኖልድ ነው። በ1793 ይሄ ወጣት አትላንቲክን ተሻግሮ ፊላደልፊያ ገባ።

ጊዜው ክፉ ነበር። ፊላደልፊያ ያኔ የአሜሪካ ዋና ከተማ ናት፤ ወደ 50,000 ሰው ይኖርባት ነበር። በዚያው ዓመት ከኦገስት እስከ ኖቬምበር ቢጫ ወባ ገባባትና ወደ 5,000 የሚጠጋ ሰው ፈጀ። ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ሳይቀር ከተማዋን ለቆ ወጣ። ተሠርቶ ያለቀው የቼስትነት ጎዳና ቲያትር እንኳ በወረርሽኙ ምክንያት በወጉ ሥራ የጀመረው በ1794 ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሱቅ የሚከፍት ሰው ወይ ደፋር ነው፣ ወይ የሚመለስበት የለውም። ካር ከፈተ። የሙዚቃ ሱቁን "ሚውዚካል ሪፖዚተሪ" ብሎ ሰየመው። ኖታ፣ መሣሪያ፣ ለሙዚቃ የሚያስፈልግ ሌላ ዕቃ ሁሉ እዚያ ይገኝ ነበር።

በዚህ ላይ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ቲያትር በሕግ ተከልክሎ ቆይቶ የተፈቀደው ገና በ1789 ነበር። ስለዚህ ካር ሲደርስ ከተማዋ ለመድረክ ዘፈን ርሃብ ላይ ነበረች። ማታ ቲያትር የሰሙትን ዘፈን በማግስቱ ቤታቸው በፒያኖ መጫወት የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ሙዚቃ የሚማሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። ገበያው እሱ ነው። አንድ ዘፈን፣ ሁለት ገጽ፣ ብዙ ጊዜ 25 ሳንቲም። ዛሬ ምንም አይመስልም፤ ለዚያን ጊዜ የቀን ሠራተኛ ግን ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ካር የመጀመሪያው አልነበረም፣ ይሄም ይነገር። ከእሱ በፊት እዚያው ፊላደልፊያ ጆን ኤትከን የሚባል ከስኮትላንድ የመጣ ሰው ነበር። የብር አንጥረኛ ነው። ብረት መቅረጽና መምታት ሙያው ስለነበር ከ1787 ጀምሮ ኖታ በብረት ሰሌዳ ላይ እየመታ ማተም ጀመረ። አሌክሳንደር ራይናግል ከሚባለው ሙዚቀኛ ጋርም ብዙ ሠርቷል። ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ የሚታተመው ኖታ በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር መጽሐፍ ነበር። ነጠላ የዓለማዊ ዘፈን ወረቀት በሱቅ መሸጥ በእነ ኤትከን ነው መልክ የያዘው። በ1788 ፍራንሲስ ሆፕኪንሰን ለዋሽንግተን መታሰቢያ አድርጎ ያወጣውን የሰባት ዘፈን ስብስብ የቀረጸውም ኤትከን ነው። ያ ስብስብ ርዕሱ ሰባት ይላል፤ ውስጡ ግን ስምንት ዘፈን አለ፤ የርዕሱ ገጽ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ስምንተኛው ተጨመረ። ዋሽንግተን አመስግኖ ሲመልስ እኔ መዝፈንም ሆነ በማንኛውም መሣሪያ አንዲት ድምፅ ማውጣት አልችልም ብሎ ነው የጻፈው።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ሰሌዳው ቆርቆሮና እርሳስ የተቀላቀለበት ለስላሳ ብረት ነው። ቀራጩ መጀመሪያ ባለ አምስት ጥርስ መሣሪያ ይዞ አምስቱን የኖታ መስመሮች በአንድ ጊዜ ይስባል። ከዚያ ጫፋቸው በኖታ፣ በቁልፍ፣ በፊደል ቅርጽ የተሠሩ የብረት መምቻዎችን አንድ በአንድ እያነሳ በመዶሻ ይመታል። አንድ ኖታ፣ አንድ ምት። የኖታውን ጭራ፣ ኖታዎቹን የሚያያይዘውን ቅስት በእጁ ይቀርጻል። ይሄን ሁሉ የሚሠራው ግልብጥ አድርጎ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በመስተዋት እንደሚታይ ጽሑፍ፤ ያለዚያ ወረቀቱ ላይ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ከዚያ ቀለም ይቀባል፣ የላዩ ይጠረጋል፣ በጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረው ቀለም በእርጥብ ወረቀት ላይ በጥቅልል መጭመቂያ ይታተማል። የተሳሳተ ኖታ ካለ ሰሌዳው ይገለበጥና ከጀርባው በመዶሻ ተመትቶ ጉድጓዱ ይደፈናል፣ ይለሰልሳል፣ እንደገና ይመታል።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ሰሌዳው አለመፍረሱ ነው። የመጽሐፍ አታሚ ፊደሎቹን ለሌላ ሥራ ስለሚፈልጋቸው አትሞ ሲጨርስ ይበትናቸዋል። የኖታ አሳታሚ ግን ሰሌዳውን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። ገዢ ሲመጣ ጥቂት ቅጂ ያወጣል፣ ሲያልቅ እንደገና ያወጣል። ብዙ ወረቀት ገዝቶ መክሰር የለም። አሳታሚው ሥራ ሲያቆም ደግሞ ሰሌዳዎቹ ይሸጣሉ፤ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ይመታበታል። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት ገጽ፣ አንድ ዓይነት ጭረት ያለበት፣ በሁለትና በሦስት አሳታሚ ስም የሚገኘው።

ችግሩ ወረቀቶቹ ላይ ቀን የለም። አብዛኞቹ የዚያን ዘመን አሳታሚዎች ዓመተ ምሕረት አይጽፉም ነበር። ታዲያ በምን ይታወቃል? በሱቁ አድራሻ። ካር ፊላደልፊያ በከፈተ በዓመቱ፣ በ1794፣ አባቱና ታናሽ ወንድሙ ቶማስ መጥተው ባልቲሞር ሱቅ ከፈቱ። ቤንጃሚን ደግሞ ኒውዮርክ ቅርንጫፍ ነበረው። ይሄንን ቅርንጫፍ በ1797 ለጄምስ ሂዊት ሸጠው። ስለዚህ አንድ ወረቀት ግርጌ ላይ "በቢ. ካር የፊላደልፊያና የኒውዮርክ ሱቆች፣ በጄ. ካር የባልቲሞር ሱቅ" የሚል ካለ ከ1794 እስከ 1797 ባለው ጊዜ እንደታተመ ታውቃላችሁ። ኒውዮርክ ከጠፋ ከዚያ በኋላ ነው። ኦስካር ሶነክ የሚባለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሙዚቃ ክፍል የመጀመሪያ ኃላፊ በ1905 ያወጣው የጥንት የአሜሪካ ዓለማዊ ሙዚቃ ዝርዝር ብዙው በእንዲህ ዓይነት ትዕግሥት የተሠራ ነው፤ የሱቅ አድራሻና የጋዜጣ ማስታወቂያ እያመሳከሩ። እኔ ይሄን ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎችን በጣም ነው የማከብረው።

ሦስት ከተማ ላይ ሱቅ ያለው ቤተሰብ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ፊላደልፊያ ማክሰኞ የተዘፈነ ነገር ብዙም ሳይቆይ ባልቲሞር ይሸጣል። ያን ጊዜ አሜሪካውያን በየከተማቸው አንድ ዓይነት ዘፈን ማወቅ የጀመሩት በፖለቲከኞች ንግግር ብቻ አይደለም፤ በእነዚህ ሱቆችም ጭምር ነው።

ፖለቲካ ካነሳን አይቀር በ1794 የሆነውን ልጨምር። ያኔ አሜሪካ ለሁለት ተከፍላለች። አንዱ ወገን የፈረንሳይ አብዮት ደጋፊ ነው፣ ሌላው ጠንካራ ማዕከላዊ መንግሥት የሚፈልጉት የፌዴራሊስቶቹ ወገን ነው፤ ቲያትር ውስጥ ሙዚቀኞቹን "የኛን ዜማ ተጫወቱ!" እያሉ ይጮሁባቸው ነበር፤ እምቢ ካሉ ረብሻ ይነሳል። ካር ምን አደረገ? "ፌዴራል ኦቨርቸር" የሚል የመክፈቻ ሙዚቃ አዘጋጀ፤ የፈረንሳዮቹን የአብዮት መዝሙር ማርሴዬዝን አስገባ፣ የፕሬዚዳንቱን ማርሽ አስገባ፣ ያንኪ ዱድልን አስገባ። ለሁሉም የየድርሻውን ሰጠ። ከዚያ ለፒያኖ አቀናብሮ አሳተመው። ያንኪ ዱድል አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በኖታ የታተመው በዚህ ሥራ ውስጥ ነው። ሕዝቡ ሁሉ የሚያውቀው፣ ወታደር በነጻነት ጦርነቱ ጊዜ ያፏጨው ዜማ ነው እኮ! ግን ወረቀት ላይ ያሰፈረው አሜሪካዊ አሳታሚ እስከዚያ ድረስ አልተገኘም።

ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ይሄ መጣ። በ1798 አሜሪካና ፈረንሳይ ጦርነት አፋፍ ላይ ናቸው። ጊልበርት ፎክስ የሚባል ተዋናይ ገቢው ለእሱ የሚሆንበት የቲያትር ምሽት ነበረውና አዳራሹ ባዶ እንዳይቀርበት ሰጋ። ለወዳጁ ለጆሴፍ ሆፕኪንሰን (የዚያ የሰባቱ ዘፈን ፍራንሲስ ልጅ ነው) ለፕሬዚዳንቱ ማርሽ የሚሆን ግጥም ጻፍልኝ አለው። ጻፈለት። ኤፕሪል 25 ማታ ተዘፈነ፤ ሕዝቡ ድገመው ድገመው እያለ ደጋግሞ አስዘፈነው። ካር በቀናት ውስጥ ወረቀቱን አወጣ። ከላይ በነገርኳችሁ መንገድ፣ ኖታ በኖታ፣ ግልብጥ እየመቱ፣ በቀናት ውስጥ! ዘፈኑ ሄይል ኮሎምቢያ ነው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ከሌሎች ጋር እንደ ብሔራዊ መዝሙር ሲያገለግል ቆየ፤ ዛሬም የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሲገባ የሚመታው ማርሽ እሱ ነው።

ካርን ቅዱስ አድርጌ ለማቅረብ አልፈልግም። ከሱቁ የሚወጣው አብዛኛው ዘፈን የእንግሊዝ ነበር። ሁክ፣ ዲብዲን፣ ሺልድ፣ ስቶሬስ፤ የለንደን ቲያትር ዘፈን ደራሲዎች። ወረቀቱ በመርከብ ይመጣል፣ ፊላደልፊያ ላይ እንደገና ይቀረጻል፣ ይሸጣል። ለደራሲው አንድ ሳንቲም አይደርሰውም። ሕገወጥ አልነበረም፤ ይልቁንም በሕግ የተፈቀደ ነው። የ1790ው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የሚጠብቀው የአገሬውን ዜጋና ነዋሪ ብቻ ነው፤ የውጭ ሰው የጻፈውን ማተም ክልክል እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። ያ ሁኔታ እስከ 1891 ዘልቋል። ካር ብቻ ሳይሆን ሁሉም አሳታሚ ያደርገው ነበር። እኔ ግን ሁሉም ማድረጉ ነገሩን ትክክል አያደርገውም ባይ ነኝ። እንዲያውም ጉዳቱ ለእንግሊዞቹ ብቻ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ የሚደርስ ሰው ዜማውን ይዞ ሲመጣ አሳታሚው በነፃ የሚያገኘውን የለንደን ዘፈን ትቶ ለምን ለእሱ ይከፍላል? የአገሬው ደራሲ ለረጅም ጊዜ አንገቱን ቀና ማድረግ ያቃተው አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል።

ለካር ግን አንድ ነገር ሊታሰብለት ይገባል። እሱ ራሱ ደራሲ ነበርና የራሱንም፣ እዚያው አሜሪካ የሚኖሩ ባልደረቦቹንም ሥራ አሳትሟል። በ1796 ኒውዮርክ ላይ "ዘ አርቸርስ" የተባለ ኦፔራው ታየ፤ ጽሑፉን ያዘጋጀው ዊልያም ደንላፕ ነው፣ ታሪኩ የስዊዘርላንዱ የዊልያም ቴል ነው። ከአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ኦፔራዎች አንዱ ነው። ዛሬ ሙሉው ሙዚቃ የለም። የተረፉት በወረቀት ታትመው የተሸጡ ጥቂት ቁርጥራጮች ብቻ ናቸው። መድረክ ላይ የቀረበው ጠፋ፤ አንድ ሰው ገዝቶ ቤቱ የወሰደው ተረፈ። ከላይ አሳታሚው ይነሳ ስል ይሄን ማለቴ ነው።

እንዴት ተረፈ ብትሉ ደግሞ፣ ያው በእነዚያ ሙዚቃ ተማሪ ሴቶች ነው። ነጠላ ወረቀቶቻቸው ሲበዙ በቆዳ ያስጠርዟቸዋል፤ ሽፋኑ ላይ ስማቸውን ያስመታሉ። እንዲህ ያሉ ጥራዞች በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ሞልተዋል። ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያሉ። አጉልታችሁ ስታዩ ከኖታው በላይ በእርሳስ የተጻፈ የጣት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የትኛው ኖታ በየትኛው ጣት እንደሚመታ። የገጽ ጥጉ ደጋግሞ ከመገለጡ የተነሳ ጠቁሯል። መጨረሻው ላይ ቦታ ከተረፈ አሳታሚው ያንኑ ዜማ ለፍሉት ወይም ለጊታር ብሎ በአንድ መስመር ይጨምርበታል፤ ቤት ውስጥ ፍሉት የሚነፋ ወንድም አይጠፋምና።

ከ1800 በኋላ ካር ሱቁን እየተወ ወደ ማዘጋጀትና ወደ ቤተ ክርስቲያን አዘነበለ። በየጊዜው የሚወጣ የፒያኖ ሙዚቃ መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። ኅትመቱ ከባልቲሞሩ የአባቱ ሱቅ ጋር የተያያዘ ነው። ከ1801 ጀምሮ በቅዱስ አውግስጢኖስ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ሆነ፤ ከ1816 ጀምሮ ደግሞ በቅዱስ ጴጥሮስ ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ጭምር፤ ሁለቱንም እስኪሞት አልተወም። በ1805 ለካቶሊክ ቅዳሴ የሚሆን የመዝሙር ስብስብ አሳትሞ ለባልቲሞሩ ጳጳስ ለጆን ካሮል መታሰቢያ አደረገ። ዋሽንግተን በዲሴምበር 1799 ሲሞትም የኀዘን ማርሽ ደርሷል።

አሁን ወደ እናንተ ጽሑፍ ልመለስ። በ1814 ሴፕቴምበር እንግሊዞች የማክሄንሪን ምሽግ ሲደበድቡ የካር ቤተሰብ የባልቲሞር ሱቅ እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። የኪ ግጥም መጀመሪያ የወጣው ያለ ኖታ ነው፤ በተናጠል ወረቀትና በጋዜጣ። በየትኛው ዜማ እንደሚዘፈን በአጭሩ ተጠቅሷል እንጂ ዜማው አልተጻፈም። ዜማው የእንግሊዛዊው የጆን ስታፎርድ ስሚዝ ነው፤ ለንደን ውስጥ ላለ የሙዚቃ ወዳጆች ማኅበር የተሠራ ነው፤ አሜሪካ ውስጥም ብዙ ግጥም ተገጥሞለት ነበር። ቶማስ ካር፣ የቤንጃሚን ታናሽ ወንድም፣ በዚያው ዓመት ግጥሙንና ዜማውን አንድ ላይ አድርጎ፣ ለፒያኖ አቀናብሮ አሳተመ። በብዙ ቦታ ቤንጃሚን ነው ያተመው ተብሎ ይነገራል፤ አይደለም። ወረቀቱ ላይ "ያቀናበረው ቲ. ሲ." ይላል። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ስምም እንደ ርዕስ የተቀመጠው በዚህ ወረቀት ላይ ነው፤ በፊት የግጥሙ ርዕስ ስለ ምሽጉ መከላከል የሚናገር ነበር።

የሚገርመው የገጣሚው ስም ወረቀቱ ላይ የለም። ፍራንሲስ ስኮት ኪ የሚል ነገር የትም አታገኙም። ሌላው ደግሞ ጥድፊያው ያስታውቃል፤ ከርዕሱ ሥር "ፓትሪዮቲክ" ማለትም አገር ወዳድ ዘፈን ሊል የነበረው አንድ ፊደል ዘሎ "ፓሪዮቲክ" ብሎ ወጣ። በሚቀጥለው እትም ታርሟል። እኔ ግን ያችን የጠፋች ፊደል ሳስብ በመዶሻና በመምቻ፣ ግልብጥ እያነበበ የሚሠራው ቀራጭ ይታየኛል። ምሽጉ ከተደበደበ ገና ጥቂት ጊዜው ነው፣ ከተማው ሁሉ ዘፈኑን ይፈልጋል፣ ሱቁ ገዢ ይጠብቃል። ፊደል ቢዘል ምን ይገርማል? ዛሬ ያ ስህተት ያለበት የመጀመሪያው እትም ጥቂት ቅጂ ብቻ ነው የቀረው። በ2010 ኒውዮርክ ውስጥ አንዱ በጨረታ ከ500,000 ዶላር በላይ ተሸጧል።

ቤንጃሚን በበኩሉ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሠራውን ከሁሉም ሥራው አስበልጬ እወድለታለሁ። በ1820 ከሌሎች ጋር ሆኖ የፊላደልፊያን "ሚውዚካል ፈንድ ሶሳይቲ" መሠረተ። ማኅበሩ ሁለት ዓላማ ነበረው። አንዱ ጥሩ ሙዚቃ ማሰማትና ሙያውን ማሳደግ ነው። ሌላው ያረጁና የተቸገሩ ሙዚቀኞችን መርዳት ነው። በሙዚቃ ንግድ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ዘፋኙና ተጫዋቹ ድምፁ ሲደክም፣ ጣቱ ሲታሰር ምን እንደሚገጥመው በደንብ አይቷል። በ1822 ማኅበሩ የኦስትሪያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሃይድንን "ፍጥረት" የተባለ ትልቅ ሥራ አቅርቧል።

ካር ሜይ 24 ቀን 1831 ፊላደልፊያ ውስጥ አረፈ፤ በሚያገለግልበት በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ፤ ማኅበሩም መታሰቢያ አቆመለት። ከእሱ በፊት የጀመረው ኤትከንም የሞተው በዚያው ዓመት ነው። በዚያው በ1831 ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት አዲስ የቅጂ መብት ሕግ አወጣ፤ የሙዚቃ ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ተጠርቶ የሕግ ጥበቃ ያገኘው በዚህ ነው። የ1790ው ሕግ ካርታና መጽሐፍ ነበር የሚለው፤ ኖታ የሚያስመዘግብ ሰው እንደ መጽሐፍ አድርጎ ነበር የሚያስመዘግበው። የካር ትውልድ ሙሉ ዕድሜውን የሠራው ሕጉ በስም እንኳ በማያውቀው ሙያ ነው። ወንድሙ ያተመው ዘፈን ብሔራዊ መዝሙር ተብሎ በሕግ የጸደቀው ደግሞ በ1931 ነው።

አቶ አዘጋጅ፣ ደብዳቤዬ እንደረዘመ አውቃለሁ። የምጠይቀው ግን ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አንድ የድሮ ዘፈን ስትጽፉ ማን እንዳተመው፣ የት እንዳተመው፣ መቼ እንዳተመው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ሰውዬው ለደራሲው ካልከፈለም አልከፈለም ብላችሁ ጻፉት፤ ደግ ደጉን ብቻ አልልም። ጸሐፊዎቻችሁ መነሻ ከፈለጉ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የዚያን ዘመን ወረቀቶች በድረ ገጹ ላይ ለሁሉም ክፍት አድርጓል፤ ባልቲሞር የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲም የሌስተር ሌቪ ስብስብ የሚባል ትልቅ የኖታ ክምችት አለው። የመዝሙሩ የመጀመሪያ እትም ምስልም ይገኛል። የጽሑፉን ሁለተኛ ክፍል የምታወጡ ከሆነ ያንን ገጽ ከጎኑ አትሙልን፤ ከሥሩም የቶማስ ካርን ስም ጻፉበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ